ዕጣን የማይወደው በርሜል

ቤቴ ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው፤ ከጣና ብዙም አይርቅም። ማታ ግቢ ውስጥ እሳት አንድዶ ከቦ መቀመጥ የቤታችን ልማድ ነው። እማዬ ግን አስም አለባት። ጢሱ ገና ሲጀምር ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ ትገባለች። እሷ ስትገባ ደግሞ ወሬውም ያልቃል። አንድ የሠፈራችን በያጅ የሠራውን ጢስ የሚቀንስ ምድጃ በ6,800 ብር የገዛሁት ለዚህ ነው። ሦስት ወር ሆነኝ።

ዕቃው ሲያዩት ግማሽ በርሜል ነው። ውስጡ ግን ሌላ ላሜራ አለው፤ በሁለቱ መሀል ሦስት ጣት የሚያህል ክፍተት። ከታች የገባው አየር በዚያ ክፍተት እየጋለ ወጥቶ፣ ከአፉ ዝቅ ብለው በተበሱት ቀዳዳዎች ወደ እሳቱ ይገባል። "ጋሼ፣ ጢስ ማለት እኮ ሳይነድ ያመለጠ እንጨት ነው" አለኝ በያጁ ልጅ። "እኛ በሩ ላይ ጠብቀን እናነድደዋለን።" እውነቱን ነው። እሳቱ ደህና ሲያያዝ ከየቀዳዳው ትንንሽ ነበልባል ይወጣል፣ ልክ እንደ ቡታጋዝ። ያኔ ጢስ የሚባል የለም ማለት ይቻላል።

ከሥሩ በፓወር ባንክ የሚሠራ የኮምፒውተር ማራገቢያ አለ። ከወንበራችን ኋላ ደግሞ ዘንግ ላይ የሚተከል የጢስ ሴንሰር፣ አናቱ ላይ መብራት። አየሩ ደህና ሲሆን አረንጓዴ፣ ጢስ ሲሸተው ቢጫ፣ ሲብስ ቀይ። ሲቀላ ማራገቢያው ራሱ ይፈጥናል።

መብራቱን መጀመሪያ የልጆች መጫወቻ ብዬ ንቄው ነበር። አሁን ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ወንድሜ ፍልጥ ሲያይ አያስችለውም፤ አራቱን ባንዴ ይከምራል። እሳቱ ይታፈናል፣ መብራቱ ይቀላል፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እሱን ያያል። በሁለተኛው ሳምንት አንድ አንድ እያደረገ መጨመር ለመደ። ሃያ ዓመት ስነግረው ያልሰማኝ ሰውዬ!

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። አንድ እሑድ ባለቤቴ የዘጌ ቡና አፈላች። ዕጣኑ ከሰሉ ላይ እንዳረፈ መብራቱ ቀይ ሆነ። ማራገቢያው አጓራ፤ የማታው አመድ ተነሥቶ ፈንድሻው ላይ ወረደ። እማዬ አማተበች። "ዕጣን የማይወድ ምን ዓይነት ነገር ነው ያመጣህብኝ?" አለችኝ። ለልጁ ብነግረው በማግስቱ መጥቶ ማጥፊያ ቁልፍ ገጠመለት። ይሄ ከመጀመሪያውም ሊኖረው ይገባ ነበር።

እርጥብ እንጨት ላይ ደግሞ ምንም አያደርግም። ነሐሴ ላይ ዝናብ የመታው ባሕር ዛፍ ሞከርኩ፤ ግቢው ጢስ ዓባይን መሰለ። ውሃው እስኪተን ድረስ እሳቱ አይግልም፣ እሳቱ ካልጋለ ቀዳዳዎቹ ዋጋ የላቸውም። አሁን ፍልጡን ከጣሪያ ሥር ደርድሬ አደርቃለሁ። ነፋሱንም ማወቅ ያስፈልጋል። ቀን ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፣ ማታ ይገለበጣል። ሲመሽ ሴንሰሩን ነቅዬ በሌላኛው በኩል ካልተከልኩት ጢሱን ሳያየው ይቀራል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ጢስ ስለሌለው ብላችሁ ቤት ውስጥ እንዳታስገቡት። የፍም መርዝ አይታይም፣ አይሸትም። ሻጮች ይህን አይናገሩም፤ የእኔውም አልነገረኝም።

ባለፈው ቅዳሜ እማዬ እስከ ሦስት ሰዓት አብራን አመሸች። ጋቢዋን ደርባ፣ ዓይኗ መብራቱ ላይ። "ቢጫ ሆነ! ማነው የጨመረው?" ትላለች በየመሀሉ። ወንድሜ እጁን ከፍልጡ ላይ ያነሣል።