እናቴን ሮምን ላሳየችልኝ እህታችን ምስጋና፣ ሮም ለምትሄዱም ጥቆማ

ይህን ምስጋና ከሮም በተመለስን ማግስት ልጽፈው አስቤ ነበር። እናቴን ወደ አዲስ አበባ ሸኝቼ፣ ቤቱ ጭር ብሎብኝ፣ ዛሬ ነው እጄ የታዘዘልኝ።

እናቴ ፍራንክፈርት እኔ ጋ ለሁለት ወር ነው የመጣችው። ገና አውሮፕላን ማረፊያ ስቀበላት "ሌላ አገር ውሰጂኝ ብዬ አላስቸግርሽም፤ ሮምን ግን አሳዪኝ" አለችኝ። ምክንያቷን አውቀዋለሁ። አባቷ ክቡር ዘበኛ ነበር። አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ እሷ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። ወሬው ቤታቸው ሲደርስ አያቴ በሩ ላይ እንደቆመ ያለቀሰውን እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። "አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው" ትላለች።

ከእናቴና ከሥጋ እህቴ ጋር የሄድንበትን የሦስት ቀን ጉዞ መጀመሪያ ያዘጋጀልኝ አንድ የጉዞ ወኪል ነበር። ከፍዬ የተቀበልኩት ፕሮግራም በሦስት ቀን አሥራ ዘጠኝ ቦታ የሚያዞር ነው። እናቴ ከሰባ ዓመት አልፋለች፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ጊዜውም ሁዳዴ ነው። ወረቀቱን ሳየው ደከመኝ። ያን ጊዜ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ሮም የምትኖር ሐበሻ አስጎብኚ አለች ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ሮም ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረች፣ የአስጎብኚነት ፈቃድ ያላት ናት። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፈው ስለለመነችኝ እዚህ "እህታችን" ብዬ እጠራታለሁ።

ስደውልላት ስለ ሮም አንድም ነገር አላነሳችም። "እማማ ስንት ደረጃ መውጣት ይችላሉ? እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጾሙት? ሮም ሲባል ቀድሞ ዓይናቸው ላይ የሚመጣው ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ከሰማች በኋላ የወኪሉን ፕሮግራም ላኪልኝ አለች፤ በማግስቱ ጠዋት ጉድለቶቹን አንድ በአንድ በድምፅ መልእክት ነገረችኝ።

ማደሪያው አሳንሰር የሌለው አሮጌ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። የቅዱስ ጴጥሮስ ጉብኝት የተያዘው ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ረቡዕ ጠዋት ደግሞ ጳጳሱ ሕዝብ የሚቀበሉበት ቀን ስለሆነ ቤተ ክርስቲያኑ ብዙውን ጊዜ እስከ እኩለ ቀን ገደማ ለጎብኚ አይከፈትም። የኮሎሲየሙ ትኬት ላይ የእናቴና የአያቴ ስም ተገለባብጦ ተጽፏል። ትኬቱ በስም የሚቆረጥ ነው፣ በር ላይ ከፓስፖርት ጋር ያስተያዩታል። እኛ ሐበሾች የቤተሰብ ስም ስለሌለን ይህ ስህተት ደጋግሞ ያጋጥማል፤ ትኬት ስትቆርጡ ስማችሁን ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉ። ሁሉንም ያስተካከለችው እሷ ናት። ማደሪያችንን ሣንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አሳንሰር ወዳለው ቤት አዛወረችው፤ ከባቡር ጣቢያው ከተርሚኒ በእግር የሚደረስ ነው። ለሦስቱም ቀን ልቀጥራት ፈልጌ ነበር። "የማስፈልጋችሁ ለረቡዕ ብቻ ነው፤ የቀረውን ጽፌ እሰጥሻለሁ፣ ገንዘብሽን ለእማማ ታክሲ አስቀምጪው" አለችኝ። ክፍያዋንም ያኔውኑ ቁርጡን ነገረችኝ፣ ከዚያ አንድ ሳንቲም አልጨመረም።

ስለ ምግቡ በደንብ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ወላጆቻችሁን ስታመጡ የሚያስጨንቃችሁ ይኸው ነው። እናቴ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። የሮም ምግብ ቤቶች ደግሞ አብዛኞቹ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወጥ ቤታቸውን ዘግተው ማታ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የሚከፍቱት። እሷ ስትፈታ እነሱ ይዘጋሉ! እህታችን ይህን ቀድማ አስባበታለች። በመቀስ እየቆረጡ በሚዛን የሚሸጡ የፒዛ ሱቆች ቀኑን ሙሉ ክፍት ናቸው፤ ፒዛ ሮሳ ብላችሁ ስትጠይቁ ቲማቲምና ዘይት ብቻ ያለበት፣ አይብ ያልነካው ይሰጧችኋል። ፓስታ ስታዙ ትኩሱ ብዙ ጊዜ በእንቁላል ስለሚቦካ ደረቁን ጠይቁ ብላናለች። በጣልያንኛ "ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ አይብ፣ ቅቤ የሌለበት" የሚል ካርድም ጽፋ ሰጠችን፤ እናቴ ራሷ ለአስተናጋጁ እያሳየች ታዝ ነበር። በአይሁዶች ሰፈር በዘይት ተጠብሶ እንደ አበባ የሚፈካ አርቲቾክ የሚባል አትክልት አለ፤ ከመጾም አልፎ ጣፈጠኝ ያለችው እሱን ነው።

ማክሰኞ ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ባቡር 32 ደቂቃ ተጉዘን ተርሚኒ ወረድን። ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ቦታ "የአምስት መቶዎቹ አደባባይ" ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ለደመሰሷቸው የጣልያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። እህታችን በመልእክቷ "ሮም የገባችሁት በአሉላ በር ነው ብለሽ ለእማማ ንገሪያቸው" ብላኝ ነበር። ነገርኳት። ሻንጣ መጎተቱን ትታ ቆመች።

ረቡዕ ጠዋት እህታችን መጣችና ከማደሪያችን ጥቂት እርምጃ ወደሚርቀው ሣንታ ማሪያ ማጆሬ ወሰደችን። ምንም ሳትናገር እናቴን ክንዷን ይዛ ጳውሎሳዊው ጸሎት ቤት አስገባቻትና ከፍ ብላ የተሰቀለችውን የእመቤታችንን ሥዕል አሳየቻት። እናቴ አማተበች። "ምስለ ፍቁር ወልዳ! ይቺ እኮ የእኛ ቤት ሥዕል ናት" አለች። ልክ ናት። ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን የዚህችን ሥዕል ቅጂ አገራችን አምጥተው፣ ሠዓሊዎቻችን በራሳቸው እጅ ደጋግመው ስለዋት፣ እጆቿን አስተላልፋ ልጇን ያቀፈችው እመቤት በየቤተ ክርስቲያናችን ቀረች። እዚያ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን። በወኪሉ ፕሮግራም ላይ ይህ ቦታ ጭራሽ አልነበረም።

ከዚያ እናቴ አረፈች፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላም ቀመሰች። አመሻሹ ላይ ወደ አበበ መንገድ ሄድን። ሩጫው የተጀመረው ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ሥር ነው፤ እሱን በታክሲ ሆነን አሳየችንና ፖርታ ካፔና አደባባይ አወረደችን። የአክሱም ሐውልት ጣልያን በወረራው ጊዜ ወስዳ ያቆመችው እዚያ ነው፣ አሁን የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ከሆነው ሕንፃ ፊት። እ.ኤ.አ. በ1947ቱ የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ እመልሳለሁ ብላ ፈርማ ነበር። አበበ በዚያ ሌሊት ሲያልፍ ሐውልቱ ገና እዚያው ቆሞ ነበር፤ አብሮት ይሮጥ ከነበረው ከሞሮኮው ራህዲ የተለየውም እዚያው አካባቢ ሲደርስ ነው። እህታችን የድሮውን ፎቶ አሳትማ ይዛለች፤ ዛሬ ሁለት ዓምዶች የቆሙበትን ቦታ ከፎቶው ጋር እያስተያየች አሳየቻት። በ1997 ዓ.ም. አክሱም መግባቱን እናቴ ታውቃለች፣ ግን ባዶውን ቦታ ስታየው "እንኳን አገሩ ገባ" እያለች ደረቷን መታች።

ከዚያ ሩጫው እስካለቀበት እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ያለው መንገድ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ሜዳ ነው። "እማማ፣ ከደከሙ ታክሲ እጠራለሁ፣ በጭራሽ አይጨነቁ" አለቻት። "በእግሬ ነው የምጨርሰው ልጄ" አለች እናቴ። በየመቶ ሜትሩ እያረፍን ሄድን። ቅስቱ ጋ ስንደርስ መሽቶ መብራት በርቷል፤ አበበም የደረሰው በችቦ ብርሃን ነበር፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። እናቴ እጇን ቅስቱ ዙሪያ ባለው አጥር ላይ አድርጋ እልል አለች። እህታችን ተቀበለቻት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፤ እኔ አልቅሼ ነበር።

ሐሙስን በጽሑፏ ተመርተን ራሳችን ዋልን። ጠዋት አንድ ሰዓት ቅዱስ ጴጥሮስ ሲከፈት በር ላይ ነበርን፣ ሰልፍ አልነበረም። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግድ ነው፤ ነጠላዋ በቂ ሆነ። እናቴ ከሥጋ እህቴ ጋር ተቀምጣ ስትጸልይ እኔ ጉልላቱ ላይ ወጣሁ፤ በአሳንሰር ብትሄዱም 320 ደረጃ ይቀራችኋል። ከላይ ሆኜ ከባዚሊካው ጀርባ ያለችውን ትንሿን የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አየኋት። እ.ኤ.አ. በ1479 ለመነኮሳቶቻችን የተሰጠች ናት፤ አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተሙት እዚያ ሲኖሩ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1548 እና 49። ፎቶ አንስቼ ለእናቴ አወረድኩላት። ከሰዓት እኔና እህቴ ኮሎሲየም ገባን፣ በተስተካከለው ትኬት።

እህታችን፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እናቴን እንደ እናትሽ ነው የያዝሻት።

ሮም ወላጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን ጠይቄ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ለፋሲካና ለክረምት ቀድማ ስለምትያዝ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አናግሯት። እናቴ ደግሞ ለእሷ ብላ የላከችው በርበሬና ሽሮ እኔ ጋ ደርሷል፤ በዚህ ሳምንት ከፍራንክፈርት ወደ ሮም የሚሄድ ሰው ካለ እባካችሁ አገናኙኝ፣ ሦስት ኪሎ ነው።