ተራ ስፔክትሮፎቶሜትር ለድንጋይ ከሰል ማንጋኒዝ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

አቶሚክ አብዞርፕሽን (ሌላ የብረታ ብረት መለኪያ መሣሪያ) የሌለው ቤተ ሙከራ የከሰል አመድ ማንጋኒዝን መለካት አይችልም የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ለወራት የተሠራበት ይህ ስፔክትሮፎቶሜትር (ብርሃን በፈሳሽ ሲያልፍ ምን ያህሉ እንደተዋጠ የሚለካ መሣሪያ) ባለ አንድ ጨረር ነው፤ ከ325 እስከ 1000 ናኖሜትር ያነባል፣ በአንድ ንባብ የሚያሳልፈው የሞገድ ርዝመት ስፋት 4 ናኖሜትር ነው። ሥራውን በሚገባ ይሠራል። ውጤት ሲበላሽ ጥፋቱ በአብዛኛው የመሣሪያው ሳይሆን የተመረጠው ኬሚስትሪ ነው።

ብዙ ሰው የሚጀምረው በፐርማንጋኔት ነው፤ ማንጋኒዙን በአሲድ ውስጥ ከፖታሲየም ፐርአዮዴት ጋር አሙቆ ወይን ጠጅ ቀለሙን በ525 ናኖሜትር ማንበብ። ዘዴው የታመነ ነው፤ ግን ሂሳቡን እንየው። 0.1 ግራም አመድ ሟሙቶ 100 ሚሊ ሊትር ሲሞላ፣ አመዱ 0.1 በመቶ ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ቢኖረው፣ በሊትር የሚገኘው ማንጋኒዝ 0.77 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በ1 ሴንቲ ሜትር ኩቬት (የሚነበበው ፈሳሽ መያዣ) ይህ 0.03 ገደማ አብዞርባንስ (የተዋጠ ብርሃን ልክ) ይሰጣል። የዚህ መሣሪያ ዜሮ ሳይሞቅ በ0.005 ይንሸራተታል፤ የንባቡ ስድስተኛ እጅ ሄደ ማለት ነው። ፎርማልዶክሲም የተባለው ቀለም አውጪ ኬሚካል በአልካሊ ውስጥ ከማንጋኒዝ ጋር የሚሠራው ብርቱካናማ ኮምፕሌክስ (ውህድ) ግን በ450 ናኖሜትር ለዚያው መጠን 0.16 አካባቢ ያስነብባል። ጉብታው (ብርሃኑ በብዛት የሚዋጥበት ክልል) ሰፊ ስለሆነም የመሣሪያው የሞገድ ርዝመት ቁጥር 2 ናኖሜትር ቢዛነፍ ንባቡ ብዙም አይነካም። ለርካሽ መሣሪያ የሚስማማው ይሄኛው ነው።

አመዱን ለማሟሟት 0.1 ግራሙን ከ0.5 ግራም ሊቲየም ሜታቦሬት (አቅላጭ ጨው) ጋር በግራፋይት ክሩሲብል (ማቅለጫ ጽዋ) ቀላቅሎ በ950 ዲግሪ 15 ደቂቃ ማቅለጥ፣ ከዚያም እንደቀላ በሚማሰል ቀዝቃዛ 5 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ማፍሰስ። ቅላጩ ከቀዘቀዘ መሟሟቱ ያታክታል፤ አሲዱ ትንሽ ወይም ትኩስ ከሆነ ደግሞ ሲሊካው ይረጋል። ብላንኩም (አመድ የሌለበት ማነጻጸሪያ) ሜታቦሬቱን ይዞ በዚሁ መንገድ ማለፍ አለበት።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር ቅደም ተከተል ነው። አመዱ አልሙኒየም ስለሚበዛበት ፒኤች (የአሲድነትና አልካሊነት ልክ) ሲጨምር ፈሳሹ ይደፈርሳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ አልሙኒየሙን እንደሟሟ የሚያቆየው ታርታሬት ይገባል። ቀጥሎ ፎርማልዶክሲም፣ ከዚያ ፒኤች 10 እስኪደርስ አሞኒያ። ብርቱካናማው ከወጣ በኋላ ብቻ ኢዲቲኤ (ብረታ ብረትን አጥብቆ የሚይዝ ኬሚካል) እና ሃይድሮክሲላሚን ይጨመራሉ። የእነሱ ሥራ ብረቱ የሚያመጣውን ሐምራዊ ቀለም ማፍረስ ነው፤ የማንጋኒዙ ኮምፕሌክስ አንዴ ከተሠራ በቀላሉ አይፈርስላቸውም። ኢዲቲኤ ከቀደመ ግን ማንጋኒዙን ራሱን ይይዘዋል፣ ቀለሙም ይጎድላል። በከሰል አመድ ውስጥ ብረቱ ከማንጋኒዙ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ሐምራዊው ቶሎ አይጠፋም፤ በየ10 ደቂቃው እያነበቡ ቁጥሩ መውረዱን እስኪያቆም መጠበቅ ነው። አንድ ሰዓት ቢፈጅ አይግረማችሁ። በኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል፤ ኩቬቱም ጤዛ ይይዛል፣ ሳይወለወል የተነበበ ቁጥር ዋጋ የለውም።

ፐርማንጋኔቱን ግን ጨርሶ አትጣሉት፤ ማንጋኒዙ ለበዛበት አመድ ያገለግላል። ፎስፎሪክ አሲድ የብረቱን ቢጫ ስለሚያጠፋ አይቀር፣ ክሎራይድ ደግሞ ቀለሙን ስለሚበላው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አይጠጋው። በዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ውኃ 91 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ የማሞቂያ ጊዜውን ከመመሪያው ማርዘም ያስፈልጋል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ጉብታዎቹ 525 እና 545 ላይ ስለሆኑ በየናኖሜትሩ አንብቦ የመሣሪያውን የሞገድ ርዝመት ቁጥር በነፃ መፈተሽ ይቻላል። ኩቬቱ ላይ የሚቀረውን ቡናማ እድፍ ኦክሳሊክ አሲድ በቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ያነሳዋል።

ለታጠበ ከሰል አንድ ማሳሰቢያ። ያልታጠበው አመዱ 30 በመቶ፣ የታጠበው 12 በመቶ ቢሆንና ሁለቱም አመዶች በኪሎ 1,000 ሚሊ ግራም ማንጋኒዝ ቢይዙ፣ በከሰሉ ሲሰላ አንዱ 300 ሌላው 120 ነው። የአመዱን ቁጥር ብቻ ጽፎ «ማጠቡ ምንም አልቀነሰም» የሚል ሪፖርት ፋብሪካን ያሳስታል።

የመሣሪያው እውነተኛ ድክመት መብራቱ ነው። 30 ደቂቃ ሳይሞቅ አይረጋም፤ ኃይል በተቆራረጠ ቁጥርም ሙቀቱ ከመጀመሪያው ይጀመራልና ያለ ዩፒኤስ (ኃይል ሲቋረጥ የሚተካ ባትሪ) ቀኑ ይባክናል። ባለ 12 ቮልት 20 ዋት ሃሎጅኑ ሲቀየር ብርጭቆው በባዶ ጣት አይነካም፤ ከቅያሪው በኋላ የሞገድ ርዝመት ቁጥሩና የስታንዳርዱ መስመር (መጠናቸው በታወቀ ፈሳሾች የሚሠራው የንባብ መስመር) እንደገና ይሠራሉ።