የአባቴን ጋሪ ከሌባ፣ አባቴንም ቤት ከመዋል ላዳነልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በአትላንታና በአካባቢዋ ለምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይም እንደ እኛ ፒችትሪ ሲቲ ገብታችሁ ጎልፍ ካርት፣ ማለትም ለጎልፍ ሜዳ የተሠራችውን ትንሽ የሞተር ጋሪ፣ ለገዛችሁ ወይም ለመግዛት ለምታስቡ፤ ይህንን የምጽፈው አንድ ወንድማችንን በአደባባይ ለማመስገን፣ እናንተም እኛ ያየነውን መንገላታት ሳታዩ በቀጥታ ወደ እርሱ እንድትሄዱ ለመጠቆም ነው። ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳላወጣ ራሱ ስለለመነኝ ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ ግን እሰጣለሁ።

ከተማዋን ለማታውቁ ጥቂት ላስረዳ። ፒችትሪ ሲቲ ከአትላንታ በስተደቡብ ምዕራብ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ከመኪናው ጎዳና ተለይቶ በዛፎች መካከል የሚሄድ፣ በድልድይና በመተላለፊያ ዋሻ የተያያዘ፣ ርዝመቱ ከ100 ማይል ወይም ከ160 ኪሎ ሜትር የማያንስ የእግረኛና የጎልፍ ካርት መንገድ አላት። ሰው ገበያ የሚሄደው፣ ልጁን ኳስ ሜዳ የሚያደርሰው በዚህችው ጋሪ ነው፤ በማኪንቶሽ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ተማሪዎቹ ደርድረው ያቆሟቸውን ያየ ሰው የአገር ቤት የባጃጅ ተራ ትዝ ይለዋል። እዚህ ጎልፍ ተጫውቶ የማያውቅ ሰው ጎልፍ ካርት ቢኖረው የሚደንቀው የለም።

የእኛዋ ጋሪ የአባቴ ናት። አባቴ የ78 ዓመት አዛውንት ሲሆኑ በጉልምስናቸው ዘመን ኤንትሬ የጭነት መኪና እየነዱ ከአዲስ አበባ በኮምቦልቻ፣ በባቲና በሚሌ አድርገው አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ ሹፌር ናቸው። እዚህ መንጃ ፈቃድ ቢያወጡም የአሜሪካ አውራ ጎዳና ስላልተዋጠላቸው መኪና መንዳቱን ተዉት፤ ጎልፍ ካርቷን ስንገዛላቸው ግን ሰው ሆኑ። ጠዋት ጸሎታቸውን አድርሰው ቡናቸውን ከጠጡ በኋላ «ጋሪዬን ልይ» ይሉና ወደ ፒችትሪ ሐይቅ ወርደው፣ ዳክዬዎቹን ሲያዩ ቆይተው ለምሳ ይመለሳሉ። ማንንም «አድርሱኝ» ብለው ሳይለምኑ ወጥተው የሚገቡባት ብቸኛ ነገር እርሷ መሆኗን ልብ ያልኩት የተሰረቀች ቀን ነው።

የተሰረቀችው በመስከረም፣ በእንቁጣጣሽ ማግስት ነው። ማታ እንደ ልማዳችን ከቤቱ ፊት ለፊት አቁመን ቻርጀሯን ሰክተን ተኛን። ጠዋት አባቴ ወጥተው አገኙት ያሉት የቻርጀሩን ገመድ ብቻ ነበር፤ ሌባው ነቅሎ ሣሩ ላይ በሥነ ሥርዓት ጠቅልሎ አስቀምጦታል። ያ የተጠቀለለ ገመድ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ለፖሊስ አመለከትን፤ የተላከልን መኮንን ትሑት ሰው ነበር፣ ነገር ግን የጋሪዋን የፋብሪካ መለያ ቁጥር ሲጠይቀኝ አፌን ይዤ ቀረሁ። በከተማው መዝገብ ያለውንና ጎኗ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አውቀዋለሁ፤ እርሱን ግን ሌባ በጥፍሩ ልጦ ይጥለዋል። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ከመንገዱ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ተገኘች፤ ወንበሯ ተገንጥሎ፣ እያንዳንዳቸው ወደ ሠላሳ ኪሎ የሚጠጉት ስድስቱ ባትሪዎቿ ተወስደው፣ የተቆረጡ ሽቦዎቿ ተንጠልጥለው።

እንግዲህ መከራው የጀመረው ጋሪዋ ከተገኘች በኋላ ነው ብል አልዋሸሁም። ለቤታችን መድን ድርጅት ደወልኩ፤ አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ካሰሙኝ በኋላ እኛ የያዝነው የቤት ውል ጎልፍ ካርት እንደማይጨምር፣ ለብቻው መግባት እንደነበረበት በሚያባብል ድምፅ ነገሩኝ። ውሉን ስንፈርም ይህን የነገረን ሰው አልነበረም። ቀጥሎ የወሰድናት ጥገና ቤት በሦስት ቀን ትደርሳለች ብሎ ሦስት ሳምንት አስቀመጣት፤ በደወልኩ ቁጥር የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው፣ እያንዳንዱም ታሪኩን ከመጀመሪያው እንድነግረው ይፈልጋል። በመጨረሻ አዲስ ባትሪ አስገብተው መሪውን ከፔዳሉ ጋር ጠፍንጎ የሚይዝ ከባድ የብረት መቆለፊያ ሸጡልንና «ከእንግዲህ ማንም አይነካትም» አሉን።

እውነታቸውን ነው፤ አባቴም ሊነኳት አልቻሉም። ጣቶቻቸው በቁርጥማት የተጎዱ ናቸው፤ ያንን ብረት ለመክፈት ደግሞ በአንድ እጅ ወደ ታች ተጭኖ በሌላው ቁልፍ ማዞር ያስፈልጋል። ሁለት ቀን ሞከሩ። በሦስተኛው ቀን «ዛሬ ብርድ ነው» ብለው ቤት ዋሉ፤ ብርድ ግን አልነበረም። መቆለፊያው የከለከለው ሌባውን ሳይሆን አባቴን መሆኑን ለጥገና ቤቱ ሳስረዳ «የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ» የሚል መልስ ሰጡኝ። ገንዘቡንም አልመለሱም።

ብረቱን ሳናነሳ ሌላ ሰው አስመጣን፤ 380 ዶላር ተቀብሎ የማስጠንቀቂያ ጩኸት ገጠመልን። ጩኸቱ ሌባ ባይመጣም ዝናብ ሲመጣ፣ ድመት ስታልፍ፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት ይጮሃል። አንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጎረቤታችን በሌሊት ልብሳቸው መጥተው በራችንን አንኳኩ፤ ደግ ሰው ስለሆኑ አልተቆጡም፣ እኔ ግን በዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። የገጠመው ሰው ስልኩን ማንሳት አቆመ። ሐበሻ ነው ብዬ ተማምኜበት ስለነበር ይኸኛው ይበልጥ አንገበገበኝ።

የዛሬውን ወንድማችንን ያገኘሁት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ብሶቴን ለአንዲት እህት ሳወራ ባለቤቷ የሚያውቀው የድሬዳዋ ልጅ እንዳለ፣ በአገር ቤት ባጃጅ ሲጠግን የኖረ፣ እዚህም በቫን እየዞረ ጎልፍ ካርት የሚሠራ መሆኑን ነገረችኝ። ያን ጊዜ ማንንም ማመን ስላቆምኩ በግማሽ ልብ ደወልኩለት። አመሻሽ 11 ሰዓት እመጣለሁ አለ፤ 11 ሰዓት ሲሆን በሩ ላይ ነበር። ከአንድ ወር ተኩል መጉላላት በኋላ ይህ ብቻውን እንባዬን ሊያመጣው ምንም አልቀረውም።

ጋሪዋን ከመንካቱ በፊት ያደረገውን ልንገራችሁ። መሪው ላይ ያለውን ብረት አንስተን ጩኸቱን እንድናጠፋለት ጠየቀንና ከኪሱ የቁልፍ ዘለላ አወጣ። «አባባ፣ ይፈቀድልኝ?» ብሎ አባቴን አስፈቅዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ከዘለላው ውስጥ የራሱን ጎልፍ ካርት ቁልፍ መርጦ ሰካውና አዞረው፤ ፔዳሉን በእግሩ ጫፍ ሲነካው ጋሪዋ አንድ ክንድ ያህል ወደፊት ሸርተት አለች። እኔ ደርቄ ቀረሁ። አባቴ ግን ሳቁ፤ ከመስከረም ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እንዳስረዳን ከሆነ እነዚህ ጋሪዎች ከመነሻው የተሠሩት ለጎልፍ ሜዳ ነው፤ አንድ ሜዳ በደርዘን የሚቆጠሩ ጋሪዎች ስለሚኖሩት ሠራተኛው ሁሉንም በአንድ ቁልፍ እንዲያንቀሳቅስ ሲባል ከአንድ ፋብሪካ የሚወጡ ብዙዎቹ ጋሪዎች በአንድ ዓይነት ቁልፍ ይነሣሉ። ቁልፉም በየሱቁና በኢንተርኔት በጥቂት ዶላር ይሸጣል። ክለብ ካርና ኢ-ዚ-ጎ የሚባሉት ጋሪዎች ኦገስታና አካባቢዋ፣ ያማሃም እዚሁ ጎረቤታችን ኒውናን ውስጥ የሚሠሩበት የጆርጂያ ነዋሪ ሆኜ ይህንን ሳላውቅ ስንት ጊዜ ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄ በሰላም እንደተኛሁ ሳስበው እገረማለሁ። ያ ሁሉ ገንዘብ የተቀበለን ሰው ይህን አንዲት ቃል አልነገረንም።

ከዚያ የሠራውን ሁሉ አልገባኝም፣ እንደገባኝም አላስመስልም። የቁልፉን ማስገቢያ አውጥቶ ሌላ ቁልፍ በማይከፍተው ለወጠው፤ ወንበሩን አንሥቶ ሽቦ ከየት ወዴት እንደሆነ አዞረ፤ ያን የተረገመ ጩኸት ነቅሎ ያለ ክፍያ ጣለልን። ያለችበትን ቦታ በስልክ የሚያሳይ መከታተያም ከባትሪዋ ጋር አያይዞ ከዓይን ሰወረው። እኔ ኤር ታግ የሚባለው ትንሹ የአፕል ዕቃ መፈለጊያ አይበቃም ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር፤ ኤር ታግ የተሠራው ለጠፋ ዕቃ እንጂ ለተሰረቀ አለመሆኑን፣ ባለቤቱ በሌለበት አብሮት የሚጓዝ ኤር ታግ ሲኖር የሰውየው ስልክ ራሱ እንደሚያስጠነቅቀው፣ ስለዚህ ሌባው ፈልጎ ሊጥለው እንደሚችል ነገረኝ። የመለያ ቁጥሯንም ከዳሽቦርዱ ሥር አሳይቶኝ በስልኬ ፎቶ አስነሣኝ።

ነገር ግን ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው። ሲሠራ አባቴ አጠገቡ ቆመው የያዙለትን ባትሪ መብራት ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ሲያዛውሩ አይቷል። ምንም ሳይል መብራቱን ተቀብሎ አስቀመጠና «እጅዎን ያሳዩኝ» አላቸው። ሌላው ነገር በሙሉ ተጠናቅቆ የቀረው ድብቁ ማጥፊያ ብቻ ነበር፤ ይህም ካልተነካ ቁልፍ ቢዞር እንኳ ጋሪዋ የማትነቃነቅበት ነው። ይዟት የመጣው ትንሽ ስለነበረች ወደ ቫኑ ተመልሶ ሰፋ ያለች አመጣ። ወዲያው አልገጠማትም፤ አባቴን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ እጃቸው ሳይቸገር፣ ጎንበስም ሳይሉ የሚደርስበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት እያደረገ ፈለገ። አንዱን ሞከሩት፣ ራቀባቸው። ሌላውን ሞከሩት፣ ጉልበታቸው ነካው። ሦስተኛው ተስማማቸው። ቦታው የት እንደሆነ እንደማልነግራችሁ ታውቃላችሁ። ከገጠመው በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳሰስ ብቻ አሥር ጊዜ እንዲያበሩና እንዲያጠፉ አደረጋቸው፤ እየቆጠረላቸው።

አባቴ በስድስተኛው ላይ እጃቸውን አሳርፈው «እኛም እኮ ሚሌ ስናድር የባትሪውን ገመድ ፈትተን ትራሳችን ሥር ነበር የምናደርገው» አሉት። «ታዲያ አባባ፣ ይኼንን እርስዎ ናቸዋ ያስተማሩን!» አላቸው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ስለ አሰብ መንገድ ሲጫወቱ እኔ ቡና አፈላሁ፤ ሦስተኛውን ሳይጠጣ አልሄደም። ሒሳቡ መከታተያውን ሳይጨምር 210 ዶላር ነበር፤ ሥራውን ሳይጀምር የነገረኝ ዋጋ ነው፣ አንድ ሳንቲም አልጨመረበትም። ለአባቴ ማስተማሪያ የጠፋውን ጊዜ ልክፈልህ ብለው «እርሱ የቡናው ነው» አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ሥራውን የፈተነው የገዛ ልጄ ነው። የ16 ዓመት ልጄ ማጥፊያው እንዳለ አልተነገረውም ነበር፤ የወጣት አፍ አይታመንም በሚል ያልነገሩት አያቱ ናቸው። ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ሊሄድ አዲሱን ቁልፍ ይዞ ወጣ፤ አዞረ፣ ፔዳሉን ረገጠ፣ ወንበሩን ከፍቶ አየ፣ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ተመለከተ፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ «ባትሪው ሞቷል» ብሎን በእግሩ ሄደ። አባቴ በመስኮት ሲመለከቱት ቆይተው፣ ልጁ ከዓይን እንደተሰወረ ወጥተው ተቀመጡ፤ እጃቸውን ወደሚያውቁት ቦታ ሰደዱና ጋሪያቸውን ይዘው ወደ ሐይቁ ወረዱ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ጎልፍ ካርት ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ የመለያ ቁጥራችሁን ፎቶ አንሡ፣ መድናችሁም ይጨምራት እንደሆነ ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ለቀረው ግን እባካችሁ ይህንን ሰው ጥሩት። እደግመዋለሁ፣ ይህንን ሰው ጥሩት። በሰዓቱ ይመጣል፣ ዋጋውን አስቀድሞ ይናገራል፣ የማያስፈልጋችሁን አይሸጥላችሁም፤ ከሁሉም በላይ ጋሪዋን ብቻ ሳይሆን የሚነዳትንም ሰው ያያል። የሚሠራው ከፒችትሪ ሲቲ እስከ ኒውናንና ፌየትቪል ድረስ ነው፤ ክላርክስተን ላላችሁ ግን መንገዱ ስለሚርቀው አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስለሚሆን አይደወልለትም። በሌላው ቀን ስትደውሉ «የአሰቡ ሹፌር ልጅ ናት የላከችን» በሉት፤ ወዲያውኑ ይገባዋል።