የአባታችንን ስፓይደር በጨረታ ስንሸጥ ያገለገሉን ሰዎች

ከፍራንክፈርት የመጣሁት ለአራት ሳምንት ነበር። ከአባታችን ሙት ዓመት በኋላ ለአራት ልጆች ሳይከፋፈል የቀረው ንብረት አንድ መኪና ነው፤ ጣሪያው የሚከፈት የ1969 እ.ኤ.አ. ፊያት 124 ስፓይደር። አባባ የገዛው ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነበር።

ቪትዝ ቢሆን ኖሮ ዋጋውን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይነግረን ነበር። ለዚህኛው ግን ማነጻጸሪያ አልተገኘም። አንዱ ደላላ 300 ሺህ ብር አለ፣ ሌላው 700 ሺህ፤ ሁለቱም 2 በመቶ ኮሚሽን ጠየቁ። በወንድምና በእህት መካከል የ400 ሺህ ብር ጥርጣሬ ከሚገባ በታሸገ ኤንቨሎፕ ይሸጥ ብለን ተስማማን።

መካኒኩን ያገኘናቸው ሱማሌ ተራ መለዋወጫ ስንፈልግ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ሞተሩን አስነስተው የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ እያሉ ለረዳታቸው ሲዘረዝሩ ቱሪን የተሠራው መኪና በአገሩ ቋንቋ የሚታከም መሰለኝ። እነዚህ ቃላት ከጣሊያን መጥተው የእኛ ከሆኑ ቆይተዋል።

«ልጄ፣ ቺንጋው አርጅቷል» አሉኝ። በዚህ ሞተር ላይ ያሉትን ሁለት የካም ዘንጎች (ቫልቮቹን የሚከፍቱትን) የሚያዞረው ሰንሰለት ሳይሆን የጎማ ቺንጋ ነው። ስፓይደሩ በ1966 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ሲቀርብ ይህ አሠራር ገና አዲስ ነበር። ቺንጋውን ባለቤቴ ከጀርመን በመንገደኛ ላከልን፤ ጋሼ በአንድ ቀን ቀየሩት። ቀለሙን እናስቀባው ወይ ስላቸው «እንዳትነኩት» ብለው ከለከሉኝ። ልክ ናቸው። በጀርመን 30 ዓመት የሞላው መኪና በታርጋው ላይ የታሪካዊ መኪና ምልክት የሆነው «ኤች» ፊደል የሚጨመርለት በአመዛኙ እንደ ጥንቱ ከተጠበቀ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጻፉልን አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ከሹፌሩ መቀመጫ ሥር ያለው ላሜራ ዝጓል፤ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ ይንኮሻኮሻል፤ የነዳጁ ጌጅ አይሠራም። «ይህን ለተጫራቹ ሁሉ አሳዩ» አሉን። ታላቅ ወንድሜ ዋጋ ይቀንስብናል ብሎ ሠግቶ ነበር። እኔ ግን ወረቀቱን አባዝቼ ለሚያይ ሰው ሁሉ ሰጠሁ።

የተቀደደውን ጣሪያ የሠራው መርካቶ ሸራ የሚሰፋ ወጣት ነው። እንዲህ ያለ ጣሪያ ሰፍቶ አያውቅም፤ የድሮውን ስፌት ተርትሮ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ አዲሱ ሸራ ላይ ዘርግቶ በጠመኔ እየከበበ ቆረጠው። የኋላው ላስቲክ መስኮት ትንሽ ተሸብሽቧል፤ ሌላው እንከን አይወጣለትም። ይህ ጣሪያ ሹፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሳ በአንድ እጁ የሚያጥፈው ነውና ሸራው ትንሽ ቢያጥር እንኳ አይዘጋም ነበር።

ያሳዘነኝ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር አይመሳሰልም ተብለን አራት ቀን ተመላለስን። ነገ ኑ ከማለት በቀር ወርዶ የሚያይ ጠፋ። በአምስተኛው ቀን አንዲት ወጣት ሠራተኛ የስልኳን መብራት ይዛ ወጣች፤ ኮፈኖውን አስከፍታ ቁጥሩን በጨርቅ ጠርጋ አነበበች። ድሮ በእጅ የጻፈው ሰው አንዱን በረጅም ጭረት ስለጀመረው ሰባት ተብሎ ተገልብጦ ኖሯል። አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። እግዚአብሔር ይስጣት። ውጭ የምትኖሩ ወራሾች ደግሞ ውክልናችሁን ቀድማችሁ ላኩ፤ የዋሽንግተኗ እህቴ ከኤምባሲ ያሠራችው ውክልና ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ስለጠበቀን ውልና ማስረጃ በአንድ ጠዋት ጨረስን።

ማስታወቂያውን በእሑድ ሪፖርተር ጋዜጣ አወጣን፤ ማስያዣው 20 ሺህ ብር በሲፒኦ (በባንክ የክፍያ ማዘዣ) ነበር። ሰባት ኤንቨሎፕ ገባ። የከፈቱልን የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ እያንዳንዱን ከፍ አድርገው ማሸጊያው አለመነካቱን ካሳዩ በኋላ ቀደው ዋጋውን ጮክ ብለው አነበቡ፤ ተጫራቾቹም በየወረቀቱ ላይ ፈረሙ። አሸናፊው 910 ሺህ ብር ሰጠ፤ ሁለተኛው 905 ሺህ። የተሸነፉት ሲፒኦዋቸውን እዚያው ተቀበሉ፤ ቅር ያለው ሰው አላየሁም።

ገዢው ከቢሾፍቱ የመጣ የብረት ሥራ ባለሙያ ነው። በመመልከቻው ቀን ጋዜጣ አንጥፎ ከመኪናው ሥር ገብቶ፣ የጋሼን ወረቀት ደረቱ ላይ አድርጎ እየፈተሸ ግማሽ ቀን የቆየ እሱ ነበር። የተጻፈው ሁሉ እውነት ሆኖ ስላገኘው ያልተጻፈውን መፍራቱን እንደተወ ነገረን።

ላመሰግናቸው ስሄድ ጋሼ በስንት እንደተሸጠ አልጠየቁኝም። «ሁለተኛ ማርሽ ላይ እንዳይቸኩል ነግራችሁታል?» ነው ያሉት። ትናንት ወንድሜ ደውሎልኝ ነበር፤ መኪናው እሳቸው ጋራዥ ገብቶ ወለሉ እየተበየደ ነው።