ሳነቴ ላይ አድረን በሰላም እንድንመለስ ያደረጉን የሳቢያኑ መካኒክ

ድሬ ላይ ራዲያተር በቧንቧ ውሃ የሚሞላው ሰው ብዙ ነው። ሲጎድል ትጨምራለህ፣ ክዳኑን ትገጥማለህ፣ ትነዳለህ። ሙቀት ሞተር እንደሚጎዳ ሁላችንም እናውቃለን። ብርድም ሞተር እንደሚሰብር ግን እኔ አስቤው አላውቅም ነበር። ዛሬ የምጽፈው ይሄንን ስላሰቡልኝ አንድ ሰው ነው።

ጥምቀት እንዳለፈ ከወንድሜና ከሁለት ጓደኞቻችን ጋር ወደ ባሌ ተራሮች ለመሄድ ተነሳን። መኪናዋ የአባታችን ላንድክሩዘር ናት። ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌላት ናፍጣ። ሐሳባችን የተራሮቹ አናት ላይ ባለው ሰፊ ሜዳ፣ ሳነቴ ላይ ድንኳን ተክለን ማደር ነበር። ድሬ ከባህር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሳነቴ ከ4,000 በላይ ነው። ጫፉ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል፣ መኪናም እስከ ላይ ይወጣል። እኛ ጥር ላይ አንሶላ ለብሰን እናድራለን። እዚያ በዚያው ወር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይነጋል።

ቀደም ብለን መኪናዋን አንድ ጋራዥ አስገብተናት ነበር። ዘይት ቀየሩ፣ ፍሬን አዩ፣ "አልቋል፣ ሂዱ" አሉን። ወዴት እንደምንሄድ ግን የጠየቀን ሰው አልነበረም። የአጎቴ ልጅ ይሄን ሲሰማ "እኚህን ሰውዬ ሳታሳያቸው ንቅንቅ እንዳትል" ብሎ እጄን ይዞ እዚሁ ድሬ ሳቢያን ሰፈር ወሰደኝ።

ጋሼ ሙያውን የጀመሩት በልጅነታቸው ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው። ግቢያቸው ጠባብ ናት፤ አንድ የኒም ዛፍ አለች፣ ከስሯ ሁለት መኪና ይቆማል። ኮፈኑን ከፈቱ። ሞተሩ መቀዝቀዙን በእጃቸው አይተው የራዲያተሩን ክዳን ፈቱ። ጣታቸውን ነክረው አወጡና አሳዩኝ። ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ።

"የት ነው የምትሄደው?"

"ባሌ፣ ሳነቴ።"

"ታድራለህ?"

"ሁለት ሌሊት።"

"አቦ! ይሄ እኮ ውሃ ነው!"

ከዚያ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጣል፣ ወደ አንድ አስረኛ የሚጠጋ ይጨምራል። ሞተር ውስጥ ደግሞ የሚያብጥበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ራዲያተሩን ይቀድዳል፤ ሲብስ ብረቱን ሞተር ራሱን ይሰነጥቃል። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጥለውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ። ያው ነገር በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥም ይጋገራል።

ውሃውን በሙሉ አፈሰሱት። ደጋግመው አጠቡት፤ መጀመሪያ የወጣው ቀይ ነበር፣ ጥርት ብሎ እስኪወጣ አላቆሙም። ከዚያ ኩላንት የሚባለውን፣ ውሃው እንዳይረጋ የሚያደርገውን ፈሳሽና የተጣራ ውሃ እኩል እኩል ቀላቅለው ሞሉት። እንደዚያ የተቀላቀለ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ እንኳ አይረጋም። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ስለነበር ክዳኑንም ቀየሩ። ለምን አልኳቸው። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ ገና 87 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፣ ግፊቱን ይዞ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ ነው አሉኝ። ዳገት ላይ መፍላት፣ ሌሊት መርጋት። ሁለቱንም በአንድ ቀን ዘጉልኝ።

ባትሪውን አስለኩ። ደካማ ነበር። የድሬ ሙቀት ባትሪ ይጨርሳል፤ እዚህ ግን ሞተር በቀላሉ ስለሚነሳ አይታወቅም፣ ብርድ ነው የሚያጋልጠው። ናፍጣውን ጠዋት ከሚያሞቁት ስድስት ካንዴላዎች ሁለቱ ሞተው ነበር፣ እነሱም ተቀየሩ። የፊት ጎማዎቹ ሙዞ (የጎማው መሃል) ላይ ያለውን፣ አራቱም ጎማ እንዲጎትት የሚቆለፈውን መቆለፊያ እኔ ራሴ በእጄ እንድቆልፍና እንድፈታ አደረጉኝ። ሦስት ጊዜ።

ስንወጣ የነገሩኝን ልጻፈው፣ ለሚሄድ ሰው ይጠቅማል። ሌሊት የእጅ ፍሬን ስበህ አትተው፣ እርጥብ ከሆነ እዚያው ይረጋል፤ ማርሽ አስገባና ጎማው ስር ድንጋይ አድርግ። ጠዋት መስታወቱ አመዳይ ቢይዝ ሙቅ ውሃ አትድፋበት፣ ይሰነጠቃል። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ብታይ አትደንግጥ፣ አየሩ ስለሳሳ ነው፤ ማርሽ ቀንስና በዝግታ ውጣ።

ጭሱ እንዳሉት ወጣ። ጎባን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ መኪናዋ አቅም አጣች፣ ማርሽ ቀንሰን በዝግታ ወጣን። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ አገኘን፤ መንገዱ ሲላቆጥ አራቱንም ጎማ አስገብተን አለፍን። ከፓርኩ የተመደበልን አስጎብኚ ድንኳን የምንተክልበትን ቦታ አሳየን። እሱንም ከልብ አመሰግነዋለሁ። ሌሊቱን በጋቢም በቡሉኮም ተጠቅልለን ብርዱ አልለቀቀንም።

ጠዋት ስወጣ ድንኳኑ እንደ ቆርቆሮ ደርቋል። ጅብራዎቹ ነጭ ለብሰዋል፤ ራቅ ብሎ አንድ ቀይ ቀበሮ መሬቱን እያሸተተ ይሄዳል። ማታ ኮፈኑ ላይ አንድ ሊትር ሃይላንድ ውሃ እስከ አፉ ሞልቼ ረስቼው ነበር። አነሳሁት። ድንጋይ ሆኗል። ታቹ አብጦ ወጥቷል፣ መሬት ላይ ላቆመው ብል እየተንከባለለ እምቢ አለኝ። ሞተሩን እያየሁ ጠርሙሱን ይዤ ቆምኩ። ወንድሜ ካንዴላው እስኪሞቅ ጠብቆ ቁልፉን አዞረ። ወዲያው ተነሳች።

ሒሳቡን በተመለከተ፣ የገዙትን ዕቃ ሁሉ በደረሰኝ አሳይተውኛል፤ አሮጌዎቹን ክዳንና ካንዴላዎች በፌስታል አድርገው መልሰውልኛል። ለእጃቸው የጠየቁኝ ከጠበቅኩት በታች ነው። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፣ ቸኩላችሁ አትሂዱ። ሥራ አያጣድፉም፤ የእኛ አንድ ቀን ተኩል ፈጅቷል። ከመንገዳችሁ ሳምንት ቀድማችሁ ውሰዱ። ጠዋት 2 ሰዓት ይከፍታሉ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ይዘጋሉ፣ 10 ሰዓት ግድም ይመለሳሉ። ስማቸውና ስልካቸው አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እዚህ አልጻፍኩም። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ራሴ አገናኘዋለሁ።

እንደተመለስን የጠርሙሱን ፎቶ ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ዝም ብለው ትንሽ አዩት። ከዚያ መኪና ስር የተኛውን ተለማማጅ ልጅ ጠሩት። "ና ውጣ፣ ይሄን እይ" አሉት።

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልን።