አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ለሐዋሳ ገዢ፦ ቤት ድረስ ማስመጣት ወይስ ማዕከሉ ሄዶ መረከብ?

ሻጩ «ሐዋሳ ቤትዎ ድረስ እናደርስልዎታለን» ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋጋው ሳይሆን «ተጭኖ ነው ተነድቶ?» የሚለው ነው። ሁለቱም «ቤት ድረስ» ተብለው ይሸጣሉ። ተጭኖ ሲመጣ መኪናው ሎቤድ (ዝቅ ያለ የጭነት ተሳቢ) ላይ ታስሮ፣ ጎማው አስፋልት ሳይነካ ይደርሳል። ተነድቶ ሲመጣ ደግሞ የማያውቁት ሾፌር ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶት፣ ቆጣሪው ላይ ያንኑ ጨምሮ፣ ጠጠር የመታውን ፓራውልት ይዞ በርዎ ላይ ያቆመዋል። ይህኛው የሁለቱንም ጉዳት የሚሰበስብ መንገድ ነው፤ መኪናው አዲስ አበባ ካለው የሻጩ ማስረከቢያ ማዕከል ሲወጣ አላዩትም፣ በጉዞም ላይ አልተጠበቀም። ስለዚህ ከዚህ በታች «ቤት ድረስ» ሲባል ተጭኖ የሚመጣውን ብቻ ነው።

ፊርማው የት ያርፋል?

ብዙ ገዢ ምርጫውን የማጓጓዣ ሒሳብ አድርጎ ያየዋል። ዋናው ልዩነት ግን የርክክብ ፊርማው የሚያርፍበት ቦታ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው ዕድል እንዳገኘ ዕቃውን እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ማዕከሉ ውስጥ ከፈረሙ፣ ከግቢው ከወጡ በኋላ ያዩትን ጭረት «ከፊት የነበረ ነው» ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው። ሐዋሳ ላይ ከፈረሙ ደግሞ የመንገዱ ኃላፊነት ከሻጩ ጋር ይቆያል፤ ይህ የሚሆነው ግን ውሉ ላይ በግልጽ ከተጻፈ ነው።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቀሪው ክፍያ በሲፒኦ ሲገባ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ «ተረክቤያለሁ» ብሎ ይፈርማል፣ መኪናው ከዚያ በኋላ ይጫናል። ቤትዎ ቢደርስም በወረቀት ላይ ርክክቡ ያለቀው አዲስ አበባ ነው፤ ሎቤዱ ላይ የደረሰበት ሁሉ የእርስዎ ዕዳ ሆኖ ይመጣል። መፍትሔው ሁለት የተለያየ ወረቀት ነው። አንዱ የመጫኛ ቅጽ ነው፤ የሻንሲ ቁጥር፣ ኪሎ ሜትር፣ የባትሪ ፐርሰንት፣ የአራቱም ጎን ፎቶ ይኖረዋል። ዘመድ የሚፈርመው ይህን ብቻ ነው። ሌላው የመጨረሻው ርክክብ ሲሆን ሐዋሳ ላይ፣ መኪናው ከወረደና ከታየ በኋላ በእርስዎ እጅ ይፈረማል። የመጨረሻውን ክፍያ ጥቂት እንኳ ከዚህ ፊርማ ጋር ማሰር ከተቻለ ሻጩ ስልክ ቶሎ ያነሳል።

275 ኪሎ ሜትሩን የትኛው ባትሪ ይችለዋል?

ማዕከሉ ሄዶ መረከብ ማለት ራስዎ ነድተው መመለስ ማለት ነው፤ ስለዚህ ምርጫውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ባትሪው ነው። ቢዋይዲ ሲጋል በሁለት ባትሪ ይመጣል፤ አንዱ 30.08፣ ሌላው 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በቻይናው አለካክ 305 እና 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ ይባላል። ያ አለካክ የከተማ ዝግታ ስለሚበዛበት ረጅም መንገድ ላይ አይደረስበትም።

ትልቁን ባትሪ እንያዝና እናስላ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየነዱ በ100 ኪሎ ሜትር 11.5 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ፣ 275 ኪሎ ሜትሩ ወደ 32 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ሐዋሳ ሲገቡ 18 ፐርሰንት ያህል ይቀራል። ፍጥነቱ ወደ 100 ወጥቶ ፍጆታው 13.5 ቢሆን 37 ይደርሳል፤ ያ ማለት ሻሸመኔን አልፈው በጸሎት መንዳት ነው። ትንሹ ባትሪ ደግሞ መንገድ ላይ ቻርጅ ሳይደረግ አይሞከር።

መንገዱ ራሱ ያታልላል። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሞጆ በፍጥነት መንገዱ፣ ከዚያም እስከ ባቱ፣ ከአዲስ አበባው 2,350 ሜትር አካባቢ ወደ 1,640 ሜትር ይወርዳሉ። ባትሪው ያልጠበቁትን ያህል ሞልቶ ይታያል፣ ልብም ይሞላል። ከባቱ በኋላ ግን አዳሚ ቱሉንና ቡልቡላን አልፈው ከላንጋኖ ወደ አርሲ ነገሌ ሲወጡ ወደ 2,000 ሜትር ይመለሳሉ፤ ወደ ሐዋሳው 1,700 ሜትር የሚወረደው ከሻሸመኔ ወዲህ ነው። ስለዚህ ባቱ ላይ፣ 160 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ፣ ቆመው ያስሉ። የቀረው 115 ኪሎ ሜትር ነው። በትልቁ ሲጋል ባቱ ላይ ከ50 ፐርሰንት በታች ካሳየ ሳይሞሉ አይለፉ።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። የሁለቱም ሲጋሎች ባትሪ ሊቲየም ብረት ፎስፌት ነው። ይህ ዓይነት ባትሪ ወደብና ማከማቻ ውስጥ ወራት ተቀምጦ ሙሉ ካልተሞላ፣ የሚያሳየው ፐርሰንት ከእውነተኛው ሊርቅ ይችላል፤ 20 ያለው ድንገት ወደ 8 ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከመረከብዎ በፊት በነበረው ሌሊት ማዕከሉ በዝግታው ቻርጀር እስከ 100 ሞልቶ፣ ከሞላም በኋላ አንድ ሰዓት ያህል እንደተሰካ እንዲተወው ይጠይቁ። ሙሉ በሆነ ባትሪ ሲነሱ መኪናው ሲወርድ ኃይል መልሶ መሰብሰብ ስለማይችል ፍሬኑ ከለመዱት የተለየ ይመስላል፤ ብልሽት አይደለም፣ ጥቂት ፐርሰንት ሲወርድ ይስተካከላል።

80 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ባትሪ ላላቸው የቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 ዓይነቶች ይህ ሁሉ ጭንቀት የለም። ጉዞው 50 ቢፈጅ 55 ነው፤ ቤት ሲደርሱ ሲሶው ይተርፋል።

መንገድ ላይ ቻርጅ ለማድረግ ካሰቡ መሰኪያውን ይወቁ። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና የጂቢቲ መሰኪያ አለው፤ ለአውሮፓ የተሠራው ሲሲኤስ 2 ነው። አንዱ ባንዱ አይገባም። ከመነሳትዎ በፊት ወደ ጣቢያው ደውለው ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የትኛው መሰኪያ እንዳለና ዛሬ መብራት መኖሩን።

ማዕከሉ ብቻ የሚሰጠው

ፈጣን ቻርጅ የሚሞከረው ማዕከሉ ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ ይህ መሣሪያ የለም። የጂቢቲ መኪና ሁለት የተለያየ ቀዳዳ አለው፣ አንዱ ለዝግታው፣ ሌላው ለፈጣኑ። ሁለቱንም ለየብቻ 10 ደቂቃ ያሰኩ። ፈጣኑን ሳይሞክሩ የተረከቡ ሰዎች ችግሩን የሚያገኙት ከወራት በኋላ፣ ሩቅ መንገድ ላይ ነው፤ ያኔ «አዲስ ሲመጣ እንዲህ ነበር» ማለት አይቻልም።

ሊፍት ላይ አውጥተው ሆዱን ያሳዩዎት። የኮምፒውተር ምርመራ ያድርጉና የተመዘገበ ስሕተት ካለ ወረቀቱን ይስጡዎት። የስክሪኑን ቋንቋ ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ ማስቀየር እዚያው ይለቅ፤ ሎቤድ ነጂው ይህን አይችልም። የሻንሲ ቁጥሩን ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ፤ 10ኛው ቦታ ላይ «አር» ካለ የ2024፣ «ኤስ» ካለ የ2025 ሞዴል ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር። ጎማው ጎን ላይ ያለው አራት አሃዝ የተመረተበት ሳምንትና ዓመት ነው፤ 2324 ማለት የ2024 23ኛ ሳምንት ነው። አራቱም ተቀራራቢ ካልሆኑ አንዱ ለምን እንደተቀየረ ይጠይቁ።

ቤት ድረስ ያለው ጥቅም

ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። መኪናው ገና ሎቤዱ ላይ እያለ ሆዱ ከመሬት ከፍ ስለሚል ጎንበስ ብለው ከጎን ሊያዩት ይችላሉ። የባትሪው ሽፋን ጠርዞች ይታያሉ። ከመውረዱ በፊት ስልክዎን አብርተው ከፊት እስከ ኋላ ቪዲዮ ይቅረጹ፤ አዲስ ጭረት፣ የተጣመመ ጠርዝ፣ የጎደለ ቡሎን ይፈልጉ። የባትሪው ሽፋን ከተሰረጎደ አይውረድ፤ ወዲያው ለሻጩ ይደወል።

አስተሳሰሩንም ይዩ። ማሰሪያው ጎማውን አቅፎ መያዝ አለበት። በሱስፔንሽኑ ክንድ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር በሚያያይዘው ብረት) ወይም በሆዱ በኩል የታሰረ ሰንሰለት የኤሌክትሪክ መኪና ላይ አደገኛ ነው። መኪናው በራሱ ካልተነሳ ደግሞ የሚነዱት ጎማዎች መሬት እየነኩ አይጎተት፤ ሞተሩ ሲዞር ኃይል ስለሚያመነጭ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉን ሊጎዳ ይችላል።

ማውረጃው ላይ በብዛት የሚያጋጥመው የትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ማለቅ ነው። ትልቁ ባትሪ 60 ፐርሰንት እያለው መኪናው እንደ ድንጋይ ዝም ይላል፦ በር አይከፈትም፣ ኒውትራል አይገባም፣ የእጅ ፍሬኑ አይለቅም። ሪሞቱ ውስጥ የተደበቀውን ብረት ቁልፍ አውጥተው በሩን ይከፍታሉ፣ ከዚያ 12 ቮልቱን ከውጭ ያስነሱታል። ይህን ለማስቀረት በመጫኛው ዕለት 12 ቮልቱ እንዲለካ ይጠይቁ። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ መኪናው ርጥብ ሆኖ ከመጣ ውሃ ጭረት ይሸፍናልና በጨርቅ ሳይደርቅ አይፈረም።

ሰፈርዎንም ያስቡ። ሎቤድ በሐዋሳ ዋና ጎዳናዎች ላይ አይቸገርም፤ ውስጥ ለውስጥ ባለው ኮብልስቶን ግን መዞሪያ ያጣል፣ የመብራት ሽቦም ይነካል። አስፋልት ላይ አውርዶ የቀረውን መንዳት ይሻላል። ያኔ መኪናው ታርጋ ወይም ተላላፊ ሰሌዳና የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ይገባል፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መድኑ ግዴታ ነው፣ ለ500 ሜትርም ቢሆን። ከማዕከሉ ነድተው የሚመጡ ከሆነ ይህ ከመነሳትዎ በፊት ያለቀ መሆን አለበት፤ የሙሉ ሽፋን መድኑም ቢሆን ከቤት ሲደርሱ ሳይሆን ከዚያው ዕለት ይጀምር።

የቤቱ መብራት

መኪናው በየትኛውም መንገድ ይምጣ፣ ቤቱ ቀድሞ ይዘጋጅ። አብሮ የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር የቻይና ሶኬት ስላለው የእኛ ግድግዳ ላይ አይገባም። ማከፋፈያ ገዝቶ መሰካት ነው የተለመደው ስሕተት፤ ለሰዓታት ሲሠራ ይግላል፣ ይቀልጣል። ኤሌክትሪሺያኑ ከቆጣሪው ቀጥታ ለብቻው መስመር ያውጣ፦ ለ16 አምፒር 4 ካሬ ሽቦ፣ ለ7 ኪሎዋት የግድግዳ ቻርጀር 6 ካሬ ሽቦ ከ40 አምፒር ብሬከርና ከሊኬጅ መከላከያ ጋር። የመሬት ሽቦ ከሌለ ቻርጀሩ ቀይ ያበራል፣ አይሞላም። ብዙ ግቢ ውስጥ የለም፤ የመዳብ ዘንግ ተቀብሮ ይሠራል።

ማዕከሉ ላይ ያ ቻርጀር ሲሠራ ካዩ ወይም ቪዲዮ ካስላኩ፣ ቤት ላይ ቀይ ሲያበራ ጥፋቱ የቤቱ እንደሆነ ያውቃሉ። ካላዩ ሻጩ ቤቱን፣ ኤሌክትሪሺያኑ መኪናውን ሲወቅስ ሳምንት ያልፋል።

ሒሳቡና ምርጫው

ሎቤድ ውድ የሚሆነው ባዶውን ስለሚመለስ ነው፤ የሚከፍሉት የሁለት ጉዞ ነው። በአንድ ሰሞን የሚገዙ ሁለት ሦስት ጎረቤቶች አንድ ላይ ካስጫኑ ወጪውን ይካፈላሉ። በሌላ በኩል ሄዶ መረከብም ነጻ አይደለም፦ የመሄጃ ትራንስፖርት፣ የአንድ ሌሊት አልጋ፣ የፍጥነት መንገድ ክፍያ፣ ተላላፊ ሰሌዳ፣ የጠፋ የሥራ ቀን።

ባትሪው ከ60 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ከሆነና መንዳት ከለመዱ፣ ሄደው ይረከቡ፤ ፈጣኑን ቻርጅ ይሞክራሉ፣ ሊፍት ላይ ያዩታል፣ በቀን ብርሃን ይመለሳሉ። ከ40 በታች ከሆነ ያስጭኑት፣ ግን በመጫኛው ዕለት ማዕከሉ ላይ የሚያምኑት ሰው ይቁም፤ ፈጣኑ ቻርጅ ዓይኑ እያየ ይሞከር፣ የመጫኛ ቅጹን ብቻ ይፈርም። በመካከል ላለው ባትሪ የሚወስነው የሾፌሩ ትዕግሥት ነው፤ 80ን ሳያልፍ አምስት ሰዓት የሚነዳ ይሂድ፣ ሌላው ያስጭን። መንጃ ፈቃዱን ገና ያገኘ ሰው በማያውቀው መኪና አርሲ ነገሌ መውጫ ላይ ከሲኖትራኮች ጋር መጀመር የለበትም።

የጎማ ንፋስ እንዳይረሳ። በመርከብ የመጣ መኪና ከ40 ፒኤስአይ በላይ ተነፍቶ ሊቆይ ይችላል፤ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አይተው ያስተካክሉ፣ ነድተው የሚመለሱ ከሆነ ከመነሳትዎ በፊት።

የማውረጃው ቀጠሮ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ይሁን። በጠዋት ብርሃን ጭረት ይታያል፣ ማዕከሉም ክፍት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አይቀበሉ፤ ችግር ቢገኝ እስከ ሰኞ ስልክ የሚያነሳ የለም። ሎቤድ ነጂው ሁልጊዜ ይቸኩላል፤ ስለዚህ ካወረደ በኋላ አንድ ሰዓት እንደሚጠብቅ ውሉ ላይ ቀድሞ ይጻፍ፣ ቻርጀሩ ተሰክቶ አረንጓዴ ሳያበራም እስክሪብቶ አይንሱ።