ለልጄ የገዛሁት «የሴል ኃይል» ሽሮፕ

ልጄ ኦቲዝም አለው። ትንሽ ሮጦ ድክም ይላል። ትኩሳት ሲይዘው ደግሞ የለመዳቸው ቃላት ይጠፉበታል። ሽሮፑን የገዛሁት ለዚህ ነው። ሴል ኃይል እንዲያመርት የሚረዱ ኮኤንዛይም ኪው 10፣ ካርኒቲንና ቢ ቫይታሚኖች አሉት።

ካርኒቲን አንዳንዴ የዓሣ ጠረን ያመጣል፤ የልጄም ላብ ዓሣ ዓሣ ብሏል። ሆዱም ትንሽ ላላ። ኮኤንዛይሙ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሰጥ ነው በደንብ የሚመጠጠው፤ ጠርሙሱ ላይ ግን ይህ አልተጻፈም። ጉልበቱ? ትንሽ የተሻለው ይመስለኛል። ንግግሩ ያው ነው።

ያናደደኝ ማሸጊያው ነው። «የኦቲዝምን ምንጭ ያክማል» ይላል። ኧረ በሕግ! በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ የጥናቶች ግምገማ፣ ኦቲዝም ካላቸው ልጆች የማይቶኮንድሪያ በሽታ ያለባቸው 5 በመቶ ገደማ እንደሆኑ ነው የገመተው። ማይቶኮንድሪያ ማለት ሴል ውስጥ ኃይል የሚያመርተው ክፍል ነው። ቁጥሩ ከሌላው ሕዝብ አንጻር በጣም ብዙ ነው፤ ግን ሁሉም ልጅ አይደለም። መንስኤው እሱ ነው ማለትም አይደለም።

ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ። የደም ላክቴት ምርመራ (የማይቶኮንድሪያ ችግርን ሊጠቁም የሚችል የደም ምርመራ ነው) ከታዘዘላችሁ ልጁን አረጋጉት፤ እያለቀሰና እየታገለ ከተቀዳ ውጤቱ ያለ በሽታም ከፍ ሊል ይችላል።

ከ5 ኮከብ 2።